ከ50 በኋላ የማለዳ ሩጫ፦ የሰፈር ቡድን አሰባስቦ ዓመቱን ሙሉ ማቆየት

ዕድሜው ገፋ ካለ በኋላ ሩጫ የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያቋርጠው ጉልበቱ እምቢ ብሎት ሳይሆን ብቻውን በመሆኑ ነው ብዬ አምናለሁ። የታኅሣሥ ብርድ ሲመጣ ማንም የማይጠብቀው ሰው ብርድ ልብሱን ወደ ራሱ ይስባል። ጋሽ እገሌ በር ላይ ቆመው እንደሚጠብቁት የሚያውቅ ግን እያጉረመረመም ቢሆን ይነሣል። ከዚህ በታች የጻፍኩት ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠባበቁ ሰዎች ይሰባሰቡ፣ የሩጫው ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይስተካከላል።

ምሳሌዎቼ የአዲስ አበባ ናቸው። ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ ወይም ዋሽንግተን የሚኖር አንባቢ ቦታውንና ሰዓቱን ወደ ራሱ ያዛውረው።

1. ሁለት ሰው ይፈልጉ

ሠላሳ ሰው ለመሰብሰብ አይድከሙ። በመጀመሪያው ሳምንት ሠላሳ የሆነ ቡድን በአራተኛው ሳምንት አምስት ይቀረዋል፣ የቀሩት አምስቱም እየተኮራረፉ ነው። እርስዎን ጨምሮ ሦስት ይበቃል። ሁለት ከሆናችሁ ግን አንዱ ጉንፋን ሲይዘው ሌላውም ይተኛል፤ ሦስተኛ ሰው ካለ ልማዱ አይቋረጥም።

ሲመርጡ ድሮ ስፖርተኛ የነበረውን አይፈልጉ። ድሮ ስፖርተኛ የነበረ ሰው የ25 ዓመት ጉልበቱን እያስታወሰ በሁለተኛው ቀን ባቱን ይጎዳል። ይልቅ የእድር ስብሰባ ላይ ሁልጊዜ በሰዓቱ የሚገኙትን፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ቀድመው የሚደርሱትን ይጠይቁ። ቀጠሮ የሚያከብር ሰው ትንፋሽ ባይኖረውም ትንፋሹ በሁለት ወር ይመጣል።

ሴቶችን ከመጀመሪያው ቀን ይጋብዙ። በኋላ ላይ «እነ እትዬም ይምጡ» ማለት ይከብዳል፤ ወሬውም፣ ፍጥነቱም፣ ሰዓቱም በወንዶች ልክ ተሰፍቶ ያለቀ ይሆናል። ለእናቶች የማለዳ ሰዓት የቤቱ ሥራ የሚጀመርበት ስለሆነ ሰዓቱ ሲወሰን የእነሱ ቃል ይቅደም።

አንድ ነገር ደግሞ እዚህ ላይ። ዕድሜ አይጠየቅም። ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ይፍጠር በ1980 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ሲያገኝ የውጭ ጋዜጠኞች ዕድሜውን እየደጋገሙ ቢጠይቁት፣ ዶሮና በግ ሊሰረቅ ይችላል፣ ዕድሜዬን ግን ማንም አይሰርቀኝም የሚል መልስ ሰጣቸው ይባላል። ለሰፈር ሯጭም የሚበቃ መልስ ነው።

2. ሐኪም ዘንድ፣ ግን ጥያቄ ይዞ

«ሐኪም ያማክሩ» የሚባለው ምክር ብዙ ጊዜ ባዶውን ይቀራል፤ ሰው ሄዶ «ልሮጥ ነው» ይላል፣ ሐኪሙም «ጥሩ ነው» ይላል፣ ይለያያሉ። የሚከተሉት ነገሮች ካሉ ለይተው ይናገሩ፦ ደረጃ ሲወጡ ደረት መጨነቅ፣ ያለ ምክንያት ራስ መሳት፣ ከቤተሰብ በወጣትነቱ በድንገት በልብ የሞተ ሰው፣ ለደም ግፊት ወይም ለስኳር የሚወሰድ መድኃኒት።

መድኃኒቱን መናገር ለምን ያስፈልጋል? እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉ የግፊት መድኃኒቶች የልብ ምትን ይይዛሉ። እየደከሙም ምትዎ ብዙ አይጨምርምና የእጅ ሰዓትዎ የሚያሳየውን ቁጥር አይመኑ። የሚያሸኑ የግፊት እንክብሎች ውኃ ያሳጣሉ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ደግሞ ሲሮጥ ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል፤ ኪሱ ውስጥ ከረሜላ ሳይዝ ከቤት አይውጣ፣ ማታ ማታም የእግሩን ጣቶች መሐል ይመልከት። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ቆስሎ ላይሰማው ይችላል።

እያንዳንዱ አባል ስሙን፣ የሚወስደውን መድኃኒትና የአንድ ቤተሰቡን ስልክ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ በላስቲክ ጠቅልሎ ኪሱ ያድርግ። ስልክ ይቆለፋል፣ ወረቀት አይቆለፍም።

3. ቦታና ሰዓት

ቦታው ዙር ያለው ወይም ሄዶ የሚመለስ፣ ሜዳማ፣ ብርሃን ያለውና መጸዳጃ ቤት የሚቀርበው ይሁን። የመጨረሻው ነገር በየትኛውም የሩጫ መጽሔት አይጻፍም፤ ከ60 በላይ የሆነ ሰው ግን ያውቀዋል።

መስቀል አደባባይ በ2013 ዓ.ም. ታድሶ ከተከፈተ በኋላም የማለዳ ሯጮች ቦታ እንደሆነ ነው። ደረጃውን ግን ለወጣቶቹ ይተዉላቸው፤ ጉልበት የሚጎዳው ቁልቁል ሲወርዱ ነው። ጃን ሜዳ መሬቱ ለስላሳ ነው፣ በክረምት ግን ይጨቀያል። ኮብልስቶን ለቁርጭምጭሚት ክፉ ነው፣ በተለይ ሲረጥብ። የሰፈሩ አስፋልት ሌላ አማራጭ ከሌለ መኪና ሳይበዛ በጠርዙ ይሮጥበታል። ጠርዙ ዘንበል ያለ ስለሆነ በሄዱበት ወገን ይመለሱ፤ ሁልጊዜ አንዱ እግር ዝቅ ያለው ላይ ከዋለ ዳሌ ማመሙ አይቀርም። እንጦጦ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ስለሆነ ለቅዳሜ ወይም ለእሑድ እግር ጉዞ ያቆዩት፤ ሲሄዱም ሳይነጋ አይሂዱ። የጅቡ ወሬ ተረት አይደለም።

ስለ ከፍታ ካነሣን፣ አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ግድም ናት። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው የሚጫነው፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። እዚህ የኖረ ለምዶታል። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ለዕረፍት የመጣ ወንድም ግን «እዚያ 10 ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ» ብሎ በማግስቱ ከተሰለፈ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት በእርምጃ እንዲያሳልፍ በፍቅር ይከልክሉት።

ሰዓቱን ስትወስኑ የሁሉንም ጸሎት ያገናዝቡ። ኪዳን የሚያደርሱ አሉ፣ ሱብሂ የሚሰግዱ አሉ። በአዲስ አበባ ፀሐይ የምትወጣው እንደ ወሩ ከ12 ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ እስከ 12 ሰዓት ተኩል አለፍ ድረስ ነው፤ ዘግይታ የምትወጣው በጥር ነው። 12 ሰዓት ተኩል ላይ መነሣት ለብዙው ሰው ይመቻል፣ ጨለማውም ይገፈፋል። እሑድ ቅዳሴ አለና ወይ ይተው፣ ወይ ከሰዓት በኋላ ይሁን። አንዴ ከተወሰነ በኋላ በየሳምንቱ «ሰዓቱን እናስተካክል» የሚል ውይይት አይከፈት። 12:30 ከሆነ 12:35 ላይ ቡድኑ ይሄዳል፣ የዘገየ ይከተላል።

4. ጫማ

ብዙ አልልም። ለመግዛት ከሰዓት በኋላ እግር አበጥ ሲል ይሂዱ፣ ከአውራ ጣትዎ ፊት የጣት ወርድ ያህል ክፍት ይኑር፣ ተረከዙ አይንሸራተት። ልባሽ ጫማ የሚገዙ ከሆነ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላ ይዩት፤ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ የሌላ ሰው አረማመድ ነውና ይተዉት። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማሸነፉን የሚጠቅስ ሰው በየቡድኑ አይጠፋም። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ያሸነፈው ጫማ አድርጎ መሆኑን ይንገሩት።

5. የመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት

በየቀኑ ይገናኙ፤ ሩጫው ግን አንድ ቀን እያለፈ ነው። በመካከሉ ባሉት ቀናት ያው በሰዓቱ ተገናኝቶ በእግር መሄድ ነው። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንት ይጠነክራሉ፣ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ከ50 በኋላ የሚጀምር ሰው በሦስተኛው ሳምንት «አሁንማ ቻልኩት» ብሎ የሚጎዳው ትንፋሹ ከጅማቱ ስለሚቀድም ነው።

1ኛና 2ኛ ሳምንት፦ 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ብቻ። ማንም አይሮጥ፣ የሚችለውም ጭምር።

3ኛና 4ኛ ሳምንት፦ 10 ደቂቃ እርምጃ፣ ከዚያ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ ስምንት ጊዜ።

5ኛና 6ኛ ሳምንት፦ 2 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 1 ደቂቃ እርምጃ፣ ስምንት ጊዜ።

7ኛ ሳምንት፦ 4 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 1 ደቂቃ እርምጃ፣ አምስት ጊዜ።

8ኛ ሳምንት፦ 5 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 1 ደቂቃ እርምጃ፣ አምስት ጊዜ።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ከሩጫው ላይ አንድ ደቂቃ ይጨምሩ። ያልተመቸዎት ሳምንት ካለ ይድገሙት፤ የሚያሳድድዎት የለም። በእርምጃና በሩጫ መካከል መቀያየሩን እስከ መጨረሻው ቢቀጥሉበትም ነውር አይደለም።

ሶምሶማ ስንል እያወሩ የሚቻለውን ነው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ መናገር ካቃተዎት ፈጥነዋል። መዝፈን ከቻሉ ትንሽ ይጨምሩ። እግርን ረጅም መወርወር ጉልበት ላይ ያርፋል፤ አጭር አጭር፣ ቶሎ ቶሎ፣ ድምፅ ሳይሰማ ይርገጡ።

6. ፈጣኑና ዘገምተኛው አብረው የሚመለሱበት ዘዴ

ቡድን የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ፈጥኖ ይሄዳል፣ ሁለቱ ይከተሉታል፣ እትዬ ኋላ ብቻቸውን ይቀራሉ፤ በሦስተኛው ቀን «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብለው ይቀራሉ። ሥራ አልበዛባቸውም።

መፍትሔው ርቀትን ትቶ በጊዜ መሮጥ ነው። ሁሉም ስልኩን ወይም ሰዓቱን 15 ደቂቃ ላይ እንዲጮኽ ይሙላ። ሁሉም በየራሱ ፍጥነት በአንድ መንገድ ይሂድ። ሲጮኽ እያንዳንዱ በደረሰበት ዞሮ በዚያው ፍጥነት ይመለስ። ፈጣኑ 2 ኪሎ ሜትር ተኩል፣ ዘገምተኛው 1 ኪሎ ሜትር ተኩል ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ መነሻው ላይ ግን እኩል ይደርሳሉ። እንዲያውም ሲመለሱ ፈጣኖቹ ከኋላ ናቸው፣ ፊት ያሉት እትዬ ናቸው። መንገድ ላይ የወደቀ ካለም ከኋላው የሚመጣ ሰው አያጣም። እኔ ከማውቃቸው የቡድን ዘዴዎች ሁሉ ይህን የሚያህል አላየሁም።

በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ሁሉም በአንድ ፍጥነት፣ ዘገምተኛው ፊት ሆኖ። ወሬው የሚደራው ያን ቀን ነው። ፊት ያለውን «ትንሽ እንጨምር» ማለት ክልክል ይሁን። ጡረታ የወጡ አዛዦች በየቡድኑ አሉና ይህን ደንብ አስቀድሞ ማውጣት ይጠቅማል።

7. ሳምንቱን መከፋፈል

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ ይመክራል፤ በተጨማሪም ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ቢያንስ ሁለት ቀን፣ 65 ለሞላቸው ደግሞ ሚዛን የሚያስጠብቅ ልምምድ ሦስት ቀን። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት የሚገናኝ ቡድን የመጀመሪያውን በቀላሉ ይሞላል። የሚዘነጋው ሁለተኛው ነው።

ስለዚህ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሩጫ፤ ማክሰኞና ሐሙስ እርምጃና ጡንቻ ማጠንከሪያ፤ ቅዳሜ ረጅም የእግር ጉዞ። ለማጠንከሪያው ዕቃ አያስፈልግም። ከአግዳሚ ወንበር እጅ ሳይደገፉ 10 ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፤ ደረጃ ጠርዝ ላይ በእግር ጣት ቆሞ ተረከዝን 15 ጊዜ ከፍ ዝቅ ማድረግ፤ ግንብ ይዞ በአንድ እግር 30 ሰከንድ መቆም። እየተሳሳቁ ሲሠሩት ቀላል ነው፣ ቤት ውስጥ ለብቻ ግን ማንም አይሠራውም።

8. ሻይ ቤቱ የፕሮግራሙ አካል ነው

ከሩጫ በኋላ አምስት ደቂቃ በዝግታ ይሂዱ፣ ሰውነት ያፍታቱ፣ ላብ የያዘውን ካናቴራ ይቀይሩ። ከዚያ አንድ ቦታ ይቀመጡ። ሁልጊዜ ያው ቦታ ቢሆን ይመረጣል፤ ባለቤቷ ስምንት ሻይ አዘጋጅታ ትጠብቃለች፣ የጎደለ ሰው ካለም ከሁሉ ቀድማ የምትጠይቀው እሷ ትሆናለች። ጨጨብሳ ያዘዘ ሰው አይወቀስ፣ ግን በየቀኑ ከሆነ ሆዱ ራሱ ይናገራል።

ገንዘብ ከተሰበሰበ ትንሽ ይሁን፤ በወር 100 ብር፣ ያዥዋ አንድ፣ ደብተሩ ለሁሉ ክፍት። ለታመመ መጠየቂያ፣ ለወለደች የልጅ ልጅ፣ ለለቅሶ። ወደ ብድርና ወደ ትልቅ እቁብ አይቀይሩት። ገንዘብ የገባበት ሩጫ ገንዘቡ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።

የቀረ ሰው ጉዳይ ዋናው ነው። አንድ ቀን የቀረ ዝም ይባላል። ሁለተኛውን ቀን አንድ ሰው ይደውልለታል፦ «ጋሼ፣ ደኅና ነዎት?» ብቻ። ለምን ቀሩ አይባልም። ሦስተኛውን ቀን አንዱ ቤቱ ጎራ ይላል። ብቻውን የሚኖር አባል ካለ በመጀመሪያው ቀን ይደወል። ማን እንደሚደውል በየወሩ ተራ ይውጣ፤ «አንዱ ይደውላል» ከተባለ ማንም አይደውልም። በቴሌግራም ግሩፕ «የት ጠፉ» ብሎ መጻፍ ስልክ መደወልን አይተካም።

አባል ሐዘን ሲገባው ቡድኑ አብሮ ለቅሶ ይደርሳል፣ ሐዘኑ ሲቀል ደግሞ በር ድረስ ሄዶ ያወጣዋል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው በራሱ ጊዜ ይመለሳል ብሎ መተው ጨዋነት ይመስላል፤ ብዙዎቹ ግን በዚያው ቀርተዋል።

9. ሲያም

መሮጥ ሲጀምሩ የነበረ፣ ሰውነት ሲሞቅ የጠፋ፣ በማግስቱም ያልባሰ ሕመም ይታገሡታል። እየሮጡ የሚጨምር፣ እያስነከሰ የሚያስኬድ ወይም ሌሊት የሚቀሰቅስ ከሆነ ሩጫው ይቆማል፤ መምጣቱ ግን አይቆምም፣ በእርምጃ ይቀጥሉ። ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ ተረከዝ የሚወጋ ከሆነ የባት ማፍታታት ያብዙ፣ ማታ የቀዘቀዘ የውኃ ጠርሙስ ከእግርዎ ሥር ያንከባልሉ፣ ቤት ውስጥም በባዶ እግር አይሂዱ። ወለምታን በወጌሻ ከማሳሸት በፊት ስብራት እንደሌለበት ይረጋገጥ።

የደረት መጨናነቅ፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ ወይም የአንድ ወገን ድካምና የአፍ መጣመም ከታየ «ትንሽ ይረፍ» አይባል። በቦታው ይቀመጥ፣ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደወል፣ አምቡላንሱ ከመድረሱ በፊት መኪና ከተገኘ በመኪና ይወሰድ። የወደቀ ሰው ሲጠሩት ካልመለሰና ካልተነፈሰ የደረቱን መሐል በሁለት እጅ አጥብቆ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲገባ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ነው። በየሰፈሩ ጡረታ የወጡ ነርስ አይጠፉም። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ለቡድኑ በትራስ ላይ እንዲያሳዩ ይለምኗቸው።

10. ውሻ፣ ጉድጓድና ክረምት

ማለዳ ላይ መንገዱ የውሾች ነው። ከመጡ አይሩጡ። ቁሙ፣ ተጠጋጉ፣ ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ ቀስ ብላችሁ ወደ ጎን ራቁ፤ ድንጋይ እንደሚያነሣ ሰው ጎንበስ ማለት የሀገራችን ውሻ የሚገባው ቋንቋ ነው። ከነከሰ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠቡ፣ ቡና ወይም ሌላ ነገር አይነስንሱበት፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለመጀመር በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ውሻው የጎረቤት ቢሆንም።

ሐምሌና ነሐሴ ብዙ ቡድን ይበተናል። ዝናቡ ሳይሆን ክዳን የሌለው ቱቦ ነው የሚያስፈራው፤ ጎርፍ ሲሸፍነው አይታይም። መንገዱን በደረቅ ቀን ሄደው ያጥኑ፣ ውኃ የቆመበትን አይርገጡ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ ይልበሱ። ሲከፋ ደግሞ የኮንዶሚኒየም ኮሪደር ወይም የመኪና ማቆሚያ ሥር ተሰብስቦ ማጠንከሪያውን መሥራት ነው። ሩጫው ቢቀር 12 ሰዓት ተኩሉ አይቅር።

11. ጾም

በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው ጠዋት ሮጦ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጣ መዋሉ አይመከርም። ለዚያ 55 ቀን ሩጫውን ወደ እርምጃ ያውርዱት፣ ወይም ሩጫው ጾም መፍቻው ሲቃረብ ይሁን። በረመዳን እንዲሁ፤ ከኢፍጣር በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቀለል ያለ እርምጃ፣ ወይም ካፈጠሩ በኋላ። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከጾሙ በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ጡንቻ እንዳይቀልጥ ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ይብዛ። የማይጾሙት ከሚጾሙት ፊት ማኪያቶ እያዘዙ አይቀመጡ፤ ያን ሰሞን ሻይ ቤቱ ይቅርና አግዳሚ ወንበሩ ላይ ይወራ።

12. ታላቁ ሩጫና ከዚያ ወዲያ

ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን መቁጠር ለሚወዱ በኅዳር የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ አለ። በ1994 ዓ.ም. በ10 ሺህ ሰው የተጀመረው ይህ የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ለአብዛኛው ተሳታፊ ውድድር ሳይሆን የካናቴራ በዓል ነው። ካናቴራው ቶሎ ስለሚያልቅ አንድ ሰው ለሁሉም አስቀድሞ ይግዛ። ስትወጡ ከኋላው ሰልፍ ቁሙ፣ ጠዋት ቁርስ ቀለል አድርጉ፣ የሚጨፍሩ ወጣቶች መሐል ስትገቡ ክንድ ለክንድ ያዙ፣ ከተጠፋፋችሁ የምትገናኙበትን ቦታ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ያን ዕለት ስልክ አይሠራም ብላችሁ አስቡ።

በዚህ ዕድሜ ስለ ሰዓት የሚያስብ አባል ካለ ቀነኒሳ በቀለ በ2024 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ በ41 ዓመቱ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሮጦ ሁለተኛ መውጣቱን ይነግራችኋል። አድንቁት፣ ግን በዚያው ሳምንት ፍጥነት እንዳይጨምር ጎኑ ሁኑ።

በመጨረሻ መሮጥ የሚያቆም ሰው ይኖራል። ጉልበቱ አልቆ ወይም ሐኪም ከልክሎት። ይህን ቀን ከመምጣቱ በፊት ተነጋገሩበት፤ ሰውየው ራሱ «ከእንግዲህ ሸክም አልሆንም» ብሎ ሹልክ እንዳይል። ሰዓት ያዥ፣ ልብስና ስልክ ጠባቂ፣ የ15 ደቂቃ እርምጃ መሪ፣ የደብተር ያዥ፣ ሥራ አይጠፋም። ስሙ ከዝርዝሩ አይውጣ፣ የመደወል ተራውም አይዘለል፣ የወሩን 100 ብርም እንደ ማንኛውም አባል ይጠየቅ።